የካዛንቺስ መስታወትና የአራት ኪሎ ኬሚስቶች

የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። የቂርቆስ አሮጌ ቤቶች በነበሩበት ቦታ የሚነሳው ሕንፃ መስታወት ለባሽ ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለው ትውላለች፤ ውስጡ ማቀዝቀዣ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ይህንን ዘመናዊነት የሚሉ ሰዎች እዚያው ማዶ አራት ኪሎ ምን ሲሠራ እንደኖረ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ እነ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድኖቹ የሊንሾፒንግና የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ከፕላስቲክ ለሚሠራ የፀሐይ ሴል የሚሆን አዲስ ፖሊመር ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለዘርፉ እዚህ አገር መቆየት ከደገፉት አንዱ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፕሮግራም ነው። የስዊድን ገንዘብ ማለት ነው፣ ልብ በሉ!

በዚህ ሴል ውስጥ አንዱ ቁስ ብርሃን ውጦ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ለረጅም ጊዜ ፉለሪን የሚባል የካርቦን ኳስ ነበር፤ ውድ ነው፣ ብርሃንም በደንብ አይውጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይናውያን አይቲአይሲን፣ በ2019 ደግሞ የዞው ዪንግፒንግ ቡድን ዋይ6ን አመጡ። በዋይ6 ውጤታማነቱ 15.7 በመቶ ደረሰ፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ 19 በመቶ ታልፏል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ዋይ6ን የመሰሉ ተቀባዮች ዓይን የማያየውን ጨረር አጥብቀው ይውጣሉ። ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መብራትም የሚያመነጭ መስኮት መሥራት ይቻላል።

«ሲሊከኑን ከቻይና ገዝቶ ጣራ ላይ መስቀል አይቀልም?» ይባላል። ለጣራ፣ አዎ። ሲሊከን ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ኦርጋኒኩ ገና ቶሎ ያረጃል። ግን የፎቅ ጣራ መሐረብ ታክላለች፤ ሜዳው ግድግዳው ነው። ደግሞ ሲሊከን ለማቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ የሚነድ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ይሄኛው ሟሙቶ እንደ ቀለም ይቀባል። የሚፈልገው ኬሚስት፣ ንጹሕ ኬሚካልና ናይትሮጅን የተሞላ ሳጥን ነው። ኬሚስቱ አለ። ለኬሚካል ሲሆን ዶላር የለም፤ ለመስታወት ሲሆን ግን ከየትም ይመጣል።

ከሚሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፀሐይ በሚመታው ፊት፣ ለእነዚህ ሰዎች አንድ መስኮት ይሰጣቸው። ሴሉ ቢበላሽ እንኳ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው በዚህ ፀሐይ ስንት ወር እንደቆየ ይታወቃል። ያንን ቤጂንግም ሊንሾፒንግም ተቀምጦ የሚለካው የለም።