ጨዋታው ሳያልቅ ከሳንዲጌት ሜዳ ስለ መውጣታችን

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስለ ሆነ ዛሬ ስለ ኳስ ሜዳ መጻፋችን ከሥርዓት የወጣ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ብታነቡልን ነገሩ ከቤት ያልራቀ መሆኑን ታገኙታላችሁ።

በእንግሊዝ አገር የኳስ ሜዳ ለማየት ብለው ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞሩ ሰዎች አሉ። በቋንቋቸው ግራውንድሆፐር ይሏቸዋል፤ ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚዘል እንደ ማለት ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በአራቱ ታላላቅ ምድቦች የሚጫወቱትን የ92ቱን ክለቦች ሜዳ ሁሉ ለማየት ይደክማሉ፤ ይህን ለፈጸሙትም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ማኅበር ተቋቁሞላቸዋል። የሌሎቹ ልብ ግን ወደ ትንንሾቹ ሜዳዎች ያዘነብላል፤ ተጫዋቹ በሳምንቱ ቀናት አናጢ ወይም አስተማሪ ሆኖ ሰንብቶ ቅዳሜ ማልያውን ወደሚለብስበት፤ በር ጠባቂውና ሻይ የምታፈላዋም ያለ ደመወዝ ወደሚያገለግሉበት ስፍራ ይሄዳሉ። ቀኑንና ውጤቱን የተመልካቹንም ብዛት በየደብተራቸው ይጽፋሉ። ደንብም አላቸው፤ ደንቡን የሚያስከብር ግን ከየሰውየው ኅሊና በቀር ማንም የለም። አንዱ፤ ግማሹን ጨዋታ ካየሁ ሜዳው ይቈጠርልኛል ይላል። ሌላው ደግሞ፤ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ የወጣ ሰው ሜዳውን አላየም ይላል።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ከሁለተኛው ወገን ነው። በደብተሩ 14 ሜዳዎች በተራ ቍጥር ተጽፈው ነበርና፤ ባለፈው የመጸው ወራት ቅዳሜ አንድ እሑድም አንድ ሜዳ እናሳየው ዘንድ ከባለቤታችን ጋር ተስማምተን በባቡር ወደ ሸፊልድ ሄድን።

ሸፊልድ በብረትና በቢላዋ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ለኳስ ወዳጆች ግን ከዚህ የሚበልጥ ክብር አላት። በ1857 ዓ.ም. ጥቅምት 24 ቀን (ሁሉንም በኤውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) የተቋቋመው ሸፊልድ የሚባለው ክለብ እስከ ዛሬ ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ነው። የራሱንም የጨዋታ ደንብ በ1858 ጻፈ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየው የማዕዘን ምት ከሸፊልድ ደንብ የተወሰደ ነው። ክለብ ቢኖርም ተጋጣሚ ከሌለ ጨዋታ የለምና፤ የመጀመሪያዎቹ አባሎች እርስ በርሳቸው እየተከፋፈሉ ይጫወቱ ነበር፤ ያገቡት በአንድ ወገን፤ ያላገቡት በሌላ ወገን እየሆኑ። በ1860 ግን ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ኰረብታ ላይ የሃላም ክለብ ተነሣ። ታኅሣሥ 26 ቀን፤ ይኸውም የልደታቸው በዓል ማግስት፤ ሁለቱ ክለቦች በሳንዲጌት ሜዳ ተገናኝተው ሸፊልድ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። በገና ሰሞን ወጥቶ መጋጠም የእኛም አባቶች ልማድ ስለ ሆነ ይህን ባነበብን ጊዜ ደስ አለን።

ሳንዲጌት አስቀድሞ በ1804 ለክሪኬት የተከፈተ ነው፤ ጊነስ የተባለውም የዓለም ሪኮርድ መዝገብ ከእግር ኳስ ሜዳዎች ሁሉ ጥንታዊው እርሱ መሆኑን አጽድቆለታል። ይህን የሰማ ሰው ሐውልትና የነሐስ በር ይጠብቅ ይሆናል። እኛ ያገኘነው በመኖሪያ ቤቶች መካከል ያለ ሜዳ፤ የድንጋይ አጥር፤ ጥቂት መቀመጫ ያለው ዳስ፤ የጭቃ ሽታና የሻይ እንፋሎት ነው። በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ገንዘባችንን ተቀብሎ ለልጃችን የዕለቱን ፕሮግራም ሰጠውና፤ ይህ ስንተኛ ሜዳህ ነው? ብሎ ጠየቀው። ደብተሩን በእጁ ይዞ ነበርና ሰውየው ነገሩ ገብቶታል። ልጁም፤ አሥራ አምስተኛ ይሆናል፤ ብሎ መለሰ። ይሆናል ማለቱን ያን ጊዜ ልብ አላልነውም።

ሜዳው ለጥ ያለ አይደለም፤ ተዳፋት ነው። በላይ በኩል የቆመ ሰው ኳሱ ሳይመታ የሚንከባለል ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ሜዳ ለምን አይደለድሉትም? ብለን በአጠገባችን የቆመውን ሰው ብንጠይቀው፤ እኩሌታውን ሽቅብ፤ እኩሌታውን ቍልቍል ይጫወታሉ፤ ማን ተበደለ? አለን። የሃላም ክለብ ሰዎች የቅጽል ስማቸው የገጠር ሰዎች ነው፤ መልሱም የገጠር ሰው መልስ ነበር።

በእረፍቱ ጊዜ ሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓይ ገዝተን እየበላን ለልጃችን የ1862ን ዓመት ታሪክ ነገርነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን እነዚሁ ሁለት ክለቦች ብራማል ሌን በሚባለው ሜዳ ተጋጠሙ። በአሜሪካ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ጠፍቶ ሥራ ለፈቱት ለላንካሻየር ድሆች ገንዘብ ይሰበሰብ ዘንድ የተደረገ የምጽዋት ጨዋታ ነበር። ነገር ግን የሸፊልዱ ናትናኤል ክሬስዊክና የሃላሙ ዊልያም ዋተርፎል በጨዋታው መካከል ተደባደቡ፤ ተመልካቹም ገብቶበት ሜዳው ታወከ። በመጨረሻ አስተዋዮቹ ገላግለው ዋተርፎልን ለቅጣት ግብ ጠባቂ አደረጉት። ልጃችን በዚህ እጅግ ሳቀ፤ እናቱ ግን፤ ለድሃ ብለው ተሰብስበው መደባደባቸው! አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የዚያን ቀን ምሽት ሊድስ ከተማ ያሉ ወዳጆቻችን ራት አዘጋጅተው ይጠብቁን ነበር። ከሳንዲጌት እስከ ባቡር ጣቢያው መንገዱ ሩቅ ነውና ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሰዓታችንን አየን። ሁለቱም ወገን አንድም ግብ አላገቡም። ስለዚህ ልጃችንን፤ ልጄ፤ ውጤቱ ከእንግዲህ አይለወጥም፤ ጻፈውና እንሂድ፤ አልነው።

አባባ፤ ገና አላለቀም እኮ፤ አለ።

እኛም፤ ማን ያውቅብሃል? አልን።

ይህን ቃል ከአፋችን ካወጣን በኋላ ልንመልሰው አልቻልንም። ልጁም አልተከራከረም፤ ደብተሩን ከካፖርቱ ኪስ ከትቶ ተከተለን። በበሩ ስናልፍ ሽማግሌው፤ ዛሬ ቶሎ አለቀ እንዴ? ብሎ ቀለደ። ልጃችን ግን ቀልድ መሆኑን ሳያይ፤ አላለቀም ጌታዬ፤ እኛ ነን የምንሄደው፤ ብሎ መለሰለት። መንገዱን ወርደን አውቶቡስ በምንጠብቅበት ስፍራ እንደ ቆምን ከኰረብታው ላይ ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ማን እንዳገባ አላወቅንም። ሦስታችንም ምንም አልተናገርንም።

በባቡር ላይ ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ በዓይናችን ሰርቀን አየነው። ቀኑን ጻፈ፤ ስለ ተዳፋቱ ጻፈ፤ የሽማግሌውን ቆብ ሳለ። ውጤት በሚጻፍበት ስፍራ፤ 80 ደቂቃ ብቻ፤ ብሎ አሰፈረና ተራ ቍጥሩን ባዶ ተወው። እሑድ በሊድስ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ያየነው፤ አጥርም መቀመጫም የሌለው ሜዳ፤ ዝናብ እየመታን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ስለ ቆምን፤ 15ኛ ተብሎ ተጻፈ።

በዚያው ቅዳሜ ሌሊት ልጁ ከተኛ በኋላ ባለቤታችን፤ ውሸት አትናገር ስንለው አሥር ዓመት ኖረን፤ ዛሬ ለአንድ ራት ብለው ውሸት እንዲጽፍ ነገሩት፤ አሉን። መልስ አልነበረንም። ራቱም፤ እውነቱን ለመናገር፤ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግስቱ ቍርስ ላይ ልጃችንን፤ ትናንት የነገርንህ ልክ አልነበረም፤ አልነው። አባት ለልጁ እንዲህ ሊል አይገባውም የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ እኛም የተወለድነው እንዲህ በማይባልበት ቤት ነው። ልጁ አቀርቅሮ ጥቂት ዝም አለና፤ ታዲያ ሌላ ቀን እንመለሳለን? ብሎ ጠየቀ። እንመለሳለን አልነው።

አሁን የሃላም ክለብ ጨዋታዎች የሚደረጉባቸው ቀኖች ከመኝታው በላይ በግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። አንዱን ቅዳሜ በቀይ ቀለም ከቦታል። የምንመለስበትን ባቡር ራሱ መርጦ ጨዋታው ካለቀ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚነሣውን አሳየን፤ እናቱም ራታችንን በባቡር ላይ እንበላ ዘንድ ስንቅ እናዘጋጃለን ብለዋል።