ዝርዝር የማይለጠፍበት ወንበር

ደሴ ላይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ውጤት ሲለጥፍ ሰሌዳው ሥር የሚነሳው ሙግት የታወቀ ነው። ወረቀቱ ላይ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ የድጋፍ ነጥብ፣ ድምር የሚሉ ዓምዶች ተደርድረዋል። ቦታው ለጥቂት ያመለጠው ወጣት ጣቱን የድጋፍ ነጥቡ ላይ ያሳርፍና «ይኼ በወንድነት መቀጣት አይደለም ወይ?» ይላል። ስሟ ከእሱ በላይ የሰፈረው ልጅ በበኩሏ፣ ወንድሟ ሲያጠና እሷ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር የባከነባትን ጊዜ ማን እንደቆጠረላት ትጠይቀዋለች።

ሕጉ ለእሷ ያደላል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የደረሰባቸው የታሪክ በደል እንዲታረም የድጋፍ እርምጃ መብት ሰጥቷቸዋል። በ1999 የወጣውና በ2010 በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ፈቅዶ ነበር፤ ግን እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ብቻ። የሚናደዱት ይህችን ቅድመ ሁኔታ ቶሎ ይረሷታል።

አሜሪካም በዚሁ ስትናጥ ኖራለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በሰኔ 2015 ሃርቫርድና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳይቆጥሩ ከለከለ። በግንቦት 2017 ደግሞ ከኦሃዮ በመጣ የሥራ ክርክር፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የከበደ ማስረጃ አይጠየቅም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እነዚህን ብያኔዎች ይዞ ደሴ ላይ መሟገት ግን አያዋጣም፤ እዚያ ፍርድ ቤት የሚያከራክረው ድጋፍ እዚህ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል።

ወሎ ላይ እውነተኛ ጣጣ ያለው የብሔረሰቡ ነገር ላይ ነው። ሴትነት ፎርም ላይ አያከራክርም። አባቱ ከወረኢሉ፣ እናቱ ከከሚሴ፣ አያቱ አርጎባ የሆነ የደሴ ልጅ «ብሔር» የሚለው ባዶ መስመር ላይ ምን ይሙላ? አንድ ቤት ውስጥ ፋሲካውም ኢዱም በሚከበርበት አገር፣ ሰው ቅጥር ፍለጋ ሲል ከአያቶቹ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። አፋር ውስጥ ላደገና ትምህርት ቤት ለራቀው አርብቶ አደር ልጅ ድጋፉ ተገቢ ነው። ደሴ ሸዋ በር ላይ ግን ይኸው ዓይነት ድንጋጌ ከማካካሻነቱ ይልቅ ማከራከሪያነቱ ይብሳል።

ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። በሐምሌ 2009 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት መኪና ፊት የሚቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ያንን ወንበር ለማግኘት የድጋፍ ነጥብ የጠየቀ የለም፤ የደመወዙ ማነስ ራሱ ወንዱን ያርቀዋል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ፓርኩ ድረስ ሲገባም፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ያስገባ የነበረው የአጎዋ ዕድል ሲዘጋም ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰው እነዚሁ ሴቶች ጋ ነው።

የሚገርመው፣ የግል ድርጅቶች የሚመሩበት የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል ውጤት ካመጡ በቅጥርም በደረጃ ዕድገትም ቅድሚያ እንዲያገኙ ያዝዛል። ችግሩ ውጤት የሚባል ነገር ከሌለ እኩል የሚሆን ነገርም አለመኖሩ ነው። የስፌት መስመር ኃላፊው በአለቃው ፈቃድ ብቻ ከተሾመ፣ የተፈተነም የተመዘገበም ካልኖረ፣ አንቀጹን ይዞ የሚከራከር ሠራተኛ ምን ወረቀት ያሳያል?

በመንግሥት ቢሮዎቹም ይኸው ነው። ለጀማሪ ባለሙያ መደብ ዝርዝር ይለጠፋል፤ ወጣቶቹም በነጥብ ይናቆራሉ። የ«ተጠባባቂ» ኃላፊ ወንበር ግን በአንድ ደብዳቤ ይሞላል፤ ተጠባባቂውም ዓመት ከዓመት ይቀመጥበታል። ለዚያ ወንበር ማን ስንት እንዳመጣ የሚያሳይ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ስለሌለ፣ ወንዱ «ተቀማሁ» ሴቷም «ተዘለልኩ» ብለው የሚያመለክቱበት ቦታ የላቸውም።