ተባዩ ማን ነው?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ቪዲዮ ቤት ለስንቱ ጎረምሳ ሁለተኛ ትምህርት ቤቱ ነበር። ዛሬ ያው ፊልም በእጅ ስልክ ገብቷል። ምሁሮቻችን ግን «የተኩስ ፊልም» ብለው ንቀው ያልፉታል። ንቀታቸው አላዋቂነት ነው እላለሁ!

እስቲ «ስታርሺፕ ትሩፐርስ»ን እንውሰድ። በ1990 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1997) ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም ላይ ላዩን ሲያዩት ወታደሮች በጠፈር ግዙፍ ነፍሳትን የሚፋለሙበት ነው። ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁስ? ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን ልጅነቱን በናዚ ጦር በተያዘችው ሆላንድ ያሳለፈ ሰው ነው። የናዚን የፕሮፓጋንዳ ፊልም ሆን ብሎ ቀድቶ ያላግጥበታል። በዚያ ዓለም ያልዘመተ አይመርጥም። መልማዩ ሹም እግሮቹን ያጣ አካለ ጎዶሎ ነው፤ ሆኖም ምልምሉን በኩራት ይመርቀዋል። ሕፃናት በረሮ ሲረግጡ ይጨበጨብላቸዋል። ይህ ስላቅ ካልሆነ ስላቅ ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስላቁ ያመለጣቸው ሐያስያን «ፋሽስታዊ» ብለው ወርደውበታል።

እኛ ግን እንዴት ያመልጠናል? በ1969 ዓ.ም በ«እናት ሀገር ጥሪ» ገበሬው ከሞፈሩ ተነሥቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲከት አላየንም? በ1975 ዓ.ም የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አልታወጀብንም? «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» አልተባልንም? በ2013 ዓ.ም በተጀመረው ጦርነትስ ወገን ወገኑን በአውሬ ስም ሲጠራ አልሰማንም?

የቡና ገበሬ ነገሩ ይገባዋል። ቡናውን የሚበላ ተባይ ሲያገኝ «በደልህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ያጠፋዋል። ሰውም ተባይ የሚባለው ለዚሁ ነው፦ እንዳይጠየቅ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ «ምናልባት ቀድመን መኖሪያቸውን የደፈርን እኛ ነን» የሚል ሐሳብ ቢያነሣ፣ ጀግናው ሁሉንም መፍጀት ነው ብሎ አፉን ያስይዘዋል። እኛ ደግሞ ለጀግናው እናጨበጭባለን!

እንግዲህ ፊልም ተርጓሚዎች ሆይ፣ ተኩሱን ብቻ ሳይሆን በየመሐሉ ጣልቃ የሚገባውን የመንግሥት ማስታወቂያም ተርጉሙልን፤ የፊልሙ መርዝም መድኃኒትም እዚያ ነውና። ሐያስያንም ከወንበራችሁ ውረዱና ከወጣቱ ጋር ተመልከቱት። ነገ ነጋሪት ሲጎሰም «ለመሆኑ ተባይ የተባለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ የሚገኘው ዛሬ ከለመደ ብቻ ነው።