አሮጌ ጂፕ ስለ ማደስና ስለ መሸጥ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?» ብላችሁ እንደምትሥቁ ዐውቃለሁ። በተለይ የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ይህን ገጽ ሲያዩ፣ ካቻቢቴና መፍቻ ለይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሞተር ሊያስተምረን መጣ ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን ብዕሬን ያነሣሁት ለማስተማር ሳይሆን አንድ የቆረቆረኝን ነገር ለማካፈል ነው። ነገሩም የጥንት የጦር ሜዳ መኪናዎችንና የእነርሱን ዓይነት አገር አቋራጮች እየሰበሰቡ፣ እያደሱ ስለ መሸጥ ነው።

አጎቴ ከወረዳው ከተማ እስከ ደጋው ገበያ ድረስ ሰውና እህል የሚያመላልሱበት አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነበራቸው። ሞተሩ ከቆመ ጥቂት ዓመታት ስለ ሆነው ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ አንድ ነጋዴ ከከተማ መጣና «ጋሼ፣ ይህ ብረት ለምን እዚህ ይበሰብሳል? ይሽጡልኝ» አላቸው። በዋጋ ተስማሙ፤ ብሩም ተቈጠረ። ነገር ግን ሰውዬው ይዞ የሄደው ሊብሬውንና በመኪናው ላይ የተመታችውን አንዲት ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ነው። «ሌላውን በኋላ በጭነት መኪና አስወስደዋለሁ» አለ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሰሌዳዋን በካቻቢቴ ፈትቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። የተማርሁ ሰው መስዬ መታየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኋላ አንድ የሰፈራችን መካኒክ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ያቺ ሰሌዳ ሌላ ሻንሲ ላይ ተመትታ፣ ታሪክ የሌለው መኪና ባለ ታሪክ ሆኖ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ለአጎቴ ባስረዳቸው «ልጄ፣ መኪናውን ቢወስደው ባልቈጨኝ ነበር፤ እርሱ ግን የወሰደው ስሙን ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ንግድ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

የእነዚህ መኪናዎች አባት ጂፕ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአንዱ በቀር፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አራቱም ጎማው የሚጐትት ቀላል መኪና እንዲሠሩለት ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ ቢያደርግ፣ በጊዜው ጨረታ ያቀረቡት ባንታምና ዊሊስ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ባንታም የተባለው ትንሽ ኩባንያ የመጀመሪያውን ናሙና በ49 ቀን ሠርቶ በመስከረም ወር አስረከበ። ኩባንያው ግን ትንሽ ስለ ነበረ ትልቁ ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። ጦርነቱ በ1945 እስኪያበቃ ድረስ ሁለቱ ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠሩ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው እንዲሆን ታስቦ ስለ ተሠራ፣ ፎርድ የራሱ ሥራ እንዲታወቅለት በብዙ ዕቃዎች ላይ፣ በቡሎኖቹ ሳይቀር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አተመ።

ላንድሮቨርም የዚሁ ጂፕ ልጅ ነው። የሮቨር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ አንድ ጂፕ ይነዳ ነበር። ይህን የመሰለ የገበሬ መኪና ለምን አንሠራም ብሎ ተነሣና በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ላይ ላንድሮቨር ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበረ ቦዲው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ በአንድ በኩል የችግር ልጅ መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬ ድረስ ሳይዝጉ የቆዩትም በዚሁ ችግር ምክንያት ነው። ጃፓኖችም በ1951 ቶዮታ ቢጄን ሠርተው በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጡት፤ ከ1954 ጀምሮ ላንድክሩዘር የተባለው ይህ ነው። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ከሶቪዬት ኅብረት የመጣውን ዋዝ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም።

እነዚህ መኪናዎች ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ እንደ ጌጥ ዕቃ ይፈለጋሉ። እንዲያውም በ2016 የላንድሮቨር ፋብሪካ ራሱ የመጀመሪያዎቹን ሞዴሎች፣ 25 ያህሉን፣ እየፈለገ አድሶ ሊሸጥ መነሣቱን አስታወቀ። በሌላ በኩል የጂፕን ቦዲ በፊሊፒንስ እንደ ጥንቱ አድርጎ የሚቀጠቅጥ ፋብሪካ አለ። ያ የፎርድ ፊደል የታተመበት ቡሎን እንኳ ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። እንግዲህ ከ1943 የተረፈ አንድ ዳዶ ሳይኖርበት «የ1943 ጂፕ» ሠርቶ ማቆም ይቻላል ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህ ምን ክፋት አለው ይል ይሆናል። እኔም አዲስ ላሜራ መግጠሙ ክፋት ነው አላልሁም። ክፋቱ የተገጠመውን መደበቁ ነው። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ መጽሔቶች ውስጥ «በ50 ዶላር ጂፕ ግዙ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ነበር፤ ገንዘቡን የላከ ሰው የሚደርሰው ግን የመንግሥት ትርፍ ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ የሚያስረዳ ወረቀት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ቢያንስ 25 ዓመት የሆነ መኪና ከውጭ ሲገባ ከአዲስ መኪና የደኅንነት ደንብ ነጻ ስለሚሆን፣ የዕድሜ ነገር የገንዘብ ነገር ሆኗል። በ2014 የአሜሪካ ሹማምንት ዕድሜያቸው ከወረቀታቸው ጋር አይስማማም በሚል ጥርጣሬ 40 ያህል ላንድሮቨሮች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወሰዱ። ኋላ ብዙዎቹ ቢመለሱም፣ ገዢ ሁሉ ሰሌዳ ማየት ብቻ እንደማይበቃ የተማረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የእኔ ትምህርት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አንድ የብራና መጽሐፍ ቅጠሉ ቢቀደድና ዛሬ በአዲስ ብራና ቢጠገን ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ጠጋኙ አዲሱን ቅጠል በጭስ አጥቍሮ፣ የጥንቱን ጸሐፊ ስም ጽፎበት ቢሸጠው ሌባ እንለዋለን። ያ ሰው ከገዢው ገንዘብ ይልቅ የሰረቀው የሚመጣውን ትውልድ ዕውቀት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ መጽሐፉን የሚመረምር ተማሪ በሐሰት ይመራልና። የመኪናም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የአጎቴ ላንድሮቨር ኮፈን ላይ ያለው ጕድጓድ ከየትኛው ድንጋይ እንደ መጣ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የፍሬኑ ፔዳል በብዙ ዓመት ጫማ ተበልቶ አልቋል። ይህን ሁሉ አሽቶ፣ ቀብቶ፣ አንጸባርቆ የሚያቆም ሰው መኪናውን አዳነው ወይስ ፋቀው? እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስኬደው ይጠገን፤ የሚመሰክረው ይቆይ።

«እነዚህ የጦር መሣሪያዎች ናቸው፤ ምሁር የጦርነትን ዕቃ ማፍቀር የለበትም» የሚሉም አሉ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ። ዳሩ ግን ጂፕ ከጦርነት በኋላ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በማኒላ አሜሪካኖች ትተውት የሄዱትን ሕዝቡ አርዝሞ፣ ቀለም ቀብቶ የከተማ ታክሲ አደረገው፤ ጂፕኒ የሚባለው ይህ ነው። በሕንድ አገር በማኔብሃንጃንግ በ1950ዎቹ የተሠሩ ላንድሮቨሮች የሂማላያን ዳገት እየወጡ ሰው ሲያመላልሱ ኖረዋል። ያዳናቸውም ሰብሳቢ ሳይሆን ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ ትልቅ ጥያቄ ይወጣል። ገና የሚሠራውን መኪና ከዳገቱ አውርዶ ለከተማ ሀብታም ግቢ ጌጥ ማድረግ ተገቢ ነውን? ባለቤቱ ከፈለገ ይሸጣል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚከፍልበት ከሆነ እኔ ማን ሆኜ እከለክለዋለሁ? ነገር ግን እንዳይታለል የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ማወቅ አለበት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ ደላላው የሚያተርፈው ባለ መኪናው ብረት ነው ብሎ በሚያስበው ነገር ነው። ይህን ዕውቀት ወደ ገጠሩ ማድረስ የማን ሥራ ነው? የእኛ አይደለምን?

ደግሞም ስለ መካኒኮቻችን አንድ ቃል ልናገር። ፋብሪካው መለዋወጫ መሥራት ካቆመ በኋላ ካምቢዮውን ፈትተው፣ ከሌላ መኪና የወሰዱትን ጥርስ ሞርደው፣ ዲፍሬንሻሌውን ገጣጥመው እነዚህን መኪናዎች በሕይወት ያቆዩ እነርሱ ናቸው። እኛ ግን እጁ ግራሶ የነካውን ሰው ያልተማረ እንለዋለን። በ2016 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክያለሁ ብሎ አስታውቋል። የነዳጅ መኪና ዘመን ሲያልፍ የእነዚህም ሰዎች ዕውቀት አብሮ ያልፋል፤ ማንም በጽሑፍ አላስቀረውምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ከእኛ ጋር ሆነው አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ዋዝ ይፈለግ፤ በግቢያችንም ይጠገን። እነርሱ ሞተሩን ከሽማግሌ መካኒኮች እየተማሩ ይሥሩ፤ እኛ ደግሞ አንድ መዝገብ ከፍተን የመኪናውን ባለቤቶች፣ የሄደበትን መንገድ፣ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ዕቃ እያንዳንዱን እንጻፍ። አንድ ቀን ቢሸጥ እንኳ መዝገቡ አብሮት ይሂድ። ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ ትዕግሥትና ሐቅ ግን ይጠይቃል።

የምሕንድስና ወንድሞቼ መኪና እናገኛለን ካላችሁ እኔ አንድ አውቃለሁ። ከባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ሰሌዳና ሊብሬ የለውም። እነርሱን መመለስ አልችልም። ነገር ግን መዝገቡ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰሌዳዋን ማን እንደ ፈታት በራሴ እጅ እጽፋለሁ።

ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪ