ጥርስ ለምን ሌሊትን ይጠብቃል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ግን እሱም እንደ ፍቅር እንቅልፍ ይነሳል። ስለ ጥርስ ሕመም ነው።

አንዴ ለዘመድ ጥየቃ ወሎ፣ መርሳ ሄጄ ነበር። ከወልድያ ወደ ደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችውን የፍራፍሬ አገር መቼም ታውቋታላችሁ። ቀን ብርቱካኑን ስልጥ፣ ሸንኮራውን ስመጥ ዋልኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተነሳብኝ! ልቤ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። ቁጭ ስል ሻል ይለኛል፤ ጋደም ስል ይብሳል። አክስቴ ስንቆራጠጥ ሰምተው ተነሱና፣ «አብሽር ልጄ!» ብለው ነጭ ሽንኩርት ሊወቅጡልኝ ጓዳ ገቡ።

ለመሆኑ ለምን ሌሊት? ጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ጥርሱ ሲቦረቦር ያ ሥጋ ይቆጣል፤ ማበጥ ይፈልጋል። ዙሪያውን ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ግድግዳ ስለሆነ መሄጃ ያጣና ነርቩን ይጫናል። ስንጋደም ደግሞ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ቀን ሥራውና ወሬው ያዘናጋናል፤ ሌሊት ግን እኛና ጥርሳችን ብቻ ነን።

ታዲያ እስኪነጋ ምን ይደረግ? ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡና ትፉት። በጥርስ መሀል የተሰነቀረ ነገር ካለ በክር ቀስ ብላችሁ አውጡት። ትራስ ደርባችሁ ራሳችሁን ከፍ አድርጉ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጫችሁ ላይ ለ15 ደቂቃ ያዙ። አይቡፕሮፌን ምግብ ቀምሶ መውሰድ ይረዳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ይተዉት። ለእነሱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ።

አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ፣ አረቄ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ ግን ድድ ያቃጥላል። አልዋሻችሁም፣ እኔ የአክስቴን ሽንኩርት ይዤ አደርኩና ጠዋት ድዴ ተልጦ ተገኘ! ከሳጥን የተረፈ ቲቲሲ ወይም አሞክሲሲሊንም የተቆጣ ነርቭ አያስታግስም። ቲቲሲማ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቢሰጥ ጥርሳቸውን ለዘለዓለም ሊያበላሸው ይችላል።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገራችሁ። ጥርሴ ድንገት አልከዳኝም። ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ውግት ያደርገኝ ነበር፤ እኔ ግን በሌላው ጎን እያኘክሁ ችላ አልኩት። በማግስቱ ወልድያ ያየኝ ሐኪም፣ «ያኔ ብትመጣ ሙሌት ይበቃህ ነበር» አለኝ። አሁን ያለው ምርጫ ወይ የሥር ሕክምና፣ ወይ መነቀል። ኪሴ የፈቀደው መነቀሉን ነበር። ገና በ24 ዓመቴ መንጋጋዬን አስረክቤ መጣሁ!

ስለዚህ ምልክቱን ለዩ። ቀዝቃዛ ሲነካው ውግት አድርጎ ወዲያው የሚተው ከሆነ ጊዜ አላችሁ፤ ሩጡ! ሕመሙ ግማሽ ደቂቃ አልፎ ከቆየ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ነርቩ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። ድንገት ዝም ካለም አትደሰቱ፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላው መግል ይመጣል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ንጋትን አትጠብቁ።

እናንተ ጫቱን በስኳርና በለስላሳ እያወራረዳችሁ አፋችሁን ሳታጸዱ የምትተኙ፣ ይህ ለእናንተ ነው! ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፤ ስኳሩ ጥርስ ላይ ያድራል።

አክስቴ እስካሁን ባዶውን ቦታ ባዩ ቁጥር «አብሽር» ይሉኛል። እኔም አብሽሩ እላችኋለሁ፤ ግን ጥርሳችሁ ቀን ሲያናግራችሁ ስሙት፣ ሌሊት እስኪጮህ አትጠብቁ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!