የክራክ ዊንዶውስ ሂሳብ

አርባ ምንጭ ሲቀላ ከሚገኝ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብቶ «ሊኑክስ ጫንልኝ» የሚል ደንበኛ ብርቅ ነው። የተለመደው ትዕዛዝ «ፎርማት አድርግልኝ» ነው። ባለሙያው ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ የፈቃድ ጥያቄውን የሚያልፈውን ክራክ ያስነሳል፤ ኦፊስና የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ይከተላሉ። ደንበኛው የሚከፍለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ቢሰጥም፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አዋጁን የሚያነሳ የለም።

በዚህ ምክንያት ስለ ክፍትና ዝግ ሶፍትዌር የሚደረገው የተለመደ ክርክር ሲቀላ ሲደርስ ፉርሽ ይሆናል። ክፍቱ ሊኑክስ በነፃ ነው፣ ዝጉ ዊንዶውስ ውድ ነው ቢባል ማን ይሰማል? ሁለቱም በነፃ ይጫናሉ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሶፍትዌሩን የሚሠራው ድርጅት እንጀራውን ከየት ያገኛል? የጋሞ ዞን አንድ መምህር ላፕቶፕ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ የሚጽፍበትን ቋንቋ ማሽኑ ያውቀው እንደሆነም የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያቀርብ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ ማይክሮሶፍት ግን ያንኑ ሶፍትዌር ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱን አልለቀቀም። የአይቢኤምን ማሽን የሚመስሉ ኮምፒውተሮች ገበያውን ሲያጥለቀልቁ የማሽን ዋጋ ወረደ፣ የማይክሮሶፍት ገቢ ግን ወጣ። ይባስ ብሎ አምራቾችን በሚሸጡት ማሽን ቁጥር ማስከፈል ጀመረ፤ የእሱ ሶፍትዌር ያልተጫነበትም ይቆጠራል። ይህን አሠራር ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1994 ከአሜሪካ የፍትህ ሚኒስቴር ጋር የተደረሰው ስምምነት ነው። አፕል በተቃራኒው ከአጭር ጊዜ በስተቀር ሶፍትዌሩን ከራሱ ማሽን አላስወጣም፤ ትርፉን በዋናነት የሚያገኘው ከዕቃው ነው።

ታዲያ ክራኩስ? የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1998 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ቻይና ተጠይቀው የሰጡት መልስ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ይስረቁ፣ ይለምዱታል፣ ሂሳቡን የምንሰበስብበትን መላ በኋላ እናገኛለን። ሲቀላ ውስጥ ሊኑክስን ያሸነፈው እንግዲህ ይኸው ልማድ ነው። ገንዘብ ያልተከፈለበት ዊንዶውስ ከነጋዴ ዓይን ሲታይ ኪሳራ አይደለም፤ የተቀናቃኝን በር የሚዘጋ ማስታወቂያ ነው።

መሰብሰቢያው ቀን ደግሞ በሌላ መልክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችንም አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዩዝድ ላፕቶፕ የሚሸጡ ልጆች «ሲክስዝ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ነው» እያሉ የሚያሞግሱት ማሽን ከመስመሩ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ማሽኑ ግን አልደከመም። ኤስኤስዲ ቢገባለትና ራሙ ቢጨመር የሊኑክስ ዝርያ የሆኑትን ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን አስነስቶ ለዓመታት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማርክ ይደምራል። አዲስ ላፕቶፕ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያስተዛዝባል። ድሮ አማርኛ የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በያዙ ፎንቶች ነበር፤ አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ፣ በ3.0 እትሙ ውስጥ ገባ። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የተዘጋጁት 32 ፊደላት ዩኒኮድን የተቀላቀሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከእነሱ መካከል ꬁ እና ꬉ ይገኛሉ፤ ይህን በስልክ የሚያነብ ሰው በቦታቸው ባዶ ሳጥን ካየ ስልኩ ፎንቱ የለውም ማለት ነው። እነዚህን ፊደላት የያዘው አቢሲኒካ ኤስአይኤል ግን በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውም ይችላል።

ዕቃ ሻጭ ከፈለገ ምን ያህል ፈጣን እንደሚሆን ቴክኖ አሳይቷል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ጀመረ፤ የአማርኛ ቁልፍ ገበታና ባለ ሁለት ሲም ስልክ ይዞ ገበያው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ዘመናዊ ስልኮቹ ላይ ክፍት ኮድ የሆነውን አንድሮይድን ወስዶ የራሱን መልክ አለበሰው። ትራንሽን ያንን ያደረገው ለፊደላችን ተቆርቁሮ አይደለም፤ ስልክ ስለሚሸጥለት ነው። ክፍት ኮድ ባይኖር ግን ሌላ ድርጅት እስኪያስብለት ደጅ ይጠና ነበር።

ለክፍት ሶፍትዌር ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፦ የማሻሻል መብት ያለ አሻሻይ ወረቀት ነው። ጤና ሚኒስቴር ለመረጃ ሥርዓቱ የመረጠው፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያለማው ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ፋይዳ መታወቂያም የተመሠረተው ሕንድ ባንጋሎር በተሠራው፣ ሞሲፕ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሁለቱም ሥር የያዙት ባለሙያና በጀት ስለተመደበላቸው ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ግን አታሚው «አልታዘዝም» ሲል ባለቤት የለውም፤ ሲቀላ ያለው ልጅ ደግሞ የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው።

ስለዚህ የጋሞ ዞን የግዥ ኃላፊዎች መጀመር ያለባቸው ከጨረታ ሰነዱ ነው፦ የሚገዛው ማሽንና አታሚ ሊኑክስ ላይ እንዲሠራ መጠየቅ፣ ለፈቃድ ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ ለአካባቢው ባለሙያዎች ሥልጠናና ጥገና ማዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለመመረቂያ ሥራ የሚሆን ርዕስ ደጁ ላይ አለለት። በትምህርት ቤት ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ መምህሩ ፈተና ሲያወጣ ዎርድ እንግሊዝኛ መስሎት ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ቀይ መስመር ያሰምርበታል። ሊብሬኦፊስ የሚጠቀምበት ሀንስፔል የተባለው የፊደል ማረሚያ መዝገቡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የጋሞኛ ቃላትን ሰብስቦ መሙላት ለሚፈልግ የተማሪዎች ቡድን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።