ሳተላይት የማያየው ደን

እንደሚታወቀው ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ለዓይናችን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ጨረር ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይቶች ደንን ከተራቆተ መሬት የሚለዩት በዚሁ ልዩነት ነው። የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ያለ ክፍያ ስለሚገኙ፣ ሐዋሳ የተቀመጠ ተማሪ የካፋን ደን የብዙ ዓመታት ለውጥ መመርመር ይችላል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ሊያዘናጋን አይገባም።

ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካም በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግበዋል። በእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ዝናባማ ደኖች ውስጥ የዓረቢካ ቡና በዱር ይበቅላል። ገበሬው ምርቱን ለመጨመር ሲል በቡናው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦና የዛፍ ችግኝ ይመነጥራል፤ ትልልቆቹን የጥላ ዛፎች ግን ይተዋቸዋል። በመሆኑም ደኑ ከላይ ሲታይ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን ነገ የሚተኩት ዛፎች የሉም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትን መንደር ይመስላል። ይህንን የሚያውቀው ወደ ውስጥ ገብቶ ችግኝ የቆጠረ ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ብቻችንን አልሠራነውም። ከከተማችን ብዙም የማይርቀው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹም የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር የዱር ቡናውን የዘረመል ሀብት አጥንቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና ትብብሩን የሚጠላ የለም። ጥያቄያችን ስለ ድርሻችን ነው። እኛ መንገድ መሪና ናሙና ለቃሚ፣ ሌላው ተንታኝ የሚሆንበት ውል ደኑን አይጠብቅም፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እንግዳው ይሄዳል፣ ልኬቱም ይቋረጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ደን ደግሞ እያገገመ ይሁን እየሞተ አይታወቅም።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 በዘረመል ሀብቷ የሚጠቀም ሁሉ ጥቅሙን እንዲያጋራ ደንግጋለች። ይኸው መርህ በልኬቱም ላይ ሊሠራ ይገባል እንላለን፦ የመረጃው ቅጂ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይቀመጥ፤ ትንተናው ተማሪዎቻችን ባሉበት ይካሄድ፤ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ልኬቱን ማን እንደሚቀጥል ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ስለ ጨረር፣ ስለ መሣሪያና ስለ ልኬት ስሕተት የተማረ የፊዚክስ ተማሪ ምስሉን ከቆጠራው ጋር ሊያስታርቅ ይችላል። ምስሉን ሌሎች ከህዋ ይልኩልናል፤ ችግኙን ግን ቆጥሮ የሚልክልን የለም።